የእሁድ ድርጎ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሾላ ገበያ፣ ቅቤ ተራ። ባልና ሚስት መኪናቸውን ዳር አስይዘው ይመጣሉ። ሚስት ከቅቤው ቆንጥራ በጣቷ ታሻለች፣ ታሸታለች። «የሸኖ ነው?» «የሸኖ ለጋ ነው የኔ ልጅ።» «የተቀላቀለበት ነገር የለም?» «ኧረ በማርያም!» «በይ አንቺ፣ የመጨረሻውን ንገሪን፤ ደንበኛ እንሆናለን።» ሻጯ በዕድሜ የገዢዎቹን እናት ታህላለች፤ ገበያ ላይ ግን «አንቺ» ናት። ሁለት ጊዜ ጥለው ሄደው ሁለት ጊዜ ይመለሳሉ። ግማሽ ኪሎው ተመዝኖ ከተጠቀለለ በኋላም «ምርቃት ጨምሪበት» የምትለዋ አትቀርም።

እሁድ ንጋት ላይ እነዚሁ ባልና ሚስት የስፖርት ጫማ ተጫምተው፣ ቆብ ደፍተው መገናኛ ከቆመ አውቶቡስ ይገባሉ። አውቶቡሱ በኮተቤና በካራ ወጥቶ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን ያልፋል። ረፋድ ላይ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ይደርሳሉ። አንዲት እናት ከደጃፏ ቆማ «ግቡ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ትላለች። እርጎ በጣሳ ይቀርባል። አሁን ሚስት አታሸትም፤ ባልም ዋጋ አይጠይቅም። ጠጥተው፣ ከእናትየው ጋር ፎቶ ተነስተው፣ «እማማ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ያቆይዎት» ብለው ይወጣሉ። ማታ ፎቶው ይለጠፋል፤ ከሥሩም ስለ ባላገር ደግነት አንድ ሁለት መስመር ይጻፋል።

ቅዳሜ የተከራከሩበት ቅቤ የሚወጣው እሁድ በነፃ ከጠጡት እርጎ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሾላ ላይ ቅቤ የምትሸጥ ሁሉ ላም አላቢ አይደለችም። ከሸኖና ከአካባቢው የሚመጣው ቅቤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ነጋዴ እጅ አልፎ ነው የሚደርሰው፤ ደላላውም ድርሻውን ይወስዳል። ሐቀኛ ያልሆነ ነጋዴም ስላለ ገዢ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ሾላ ላይ ዋጋ መከራከርም ነውር አይደለም፤ ገበያ ነውና። ሻጯም ታውቅበታለች፤ መጀመሪያ የጠራችው ዋጋ ክርክሩን አስባ የጠራችው ነው። ነውሩ ያለው እሁድ ላይ ነው። ቅዳሜ ለእያንዳንዷ ማንኪያ ዋጋ እንዳላት የሚያውቅ ሰው፣ በማግስቱ ያው ነገር ከምንጩ ሲቀዳለት ዋጋ የሌለው ይመስለዋል። በገበያ የሚቆጠረው በመንደር «ባህል» ይባላል። ባህል ከተባለ በኋላ ደግሞ ሒሳብ ማንሳት እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ሒሳቡ ግን ይነሳ።

የሀበሻ ላም በቀን የምትሰጠው ወተት አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ገደማ ነው፤ ያውም መኖ ሲኖርና ጥጃዋ ደህና ሲሆን። በባህላዊ መንገድ ተንጦ አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ15 እስከ 20 ሊትር ወተት ይፈልጋል። አርባ ሰው የያዘ አንድ አውቶቡስ መንደር ገብቶ እያንዳንዱ ተጓዥ ሩብ ሊትር እርጎ ቢጠጣ አሥር ሊትር ነው። አሥር ሊትር የአንዲት ላም የአንድ ሳምንት ወተት ነው። ወደ ቅቤ ሲመለስ ግማሽ ኪሎ፣ ማለትም ባልና ሚስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጥለው ሄደው ሁለት ጊዜ የተመለሱበት ግማሽ ኪሎ። በዚህ ላይ እንጀራው አለ፣ ቡናው አለ፣ ጠላው አለ፣ ማገዶው አለ፣ ከምንጭ የተቀዳው ውኃ አለ። ያን ዕለት ወንዝ ያልወረደው የልብስ እጥበትና ከብት ጥበቃ ትቶ እንግዶቹን ሲከተል የዋለው ልጅም አሉ። ከአርባዎቹ ግማሹ ቡና ብቻ ጠጥቶ ቢወጣ እንኳ ቡናው ራሱ የገበያ ዕቃ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ቡና አይበቅልም። እናትየው ለእንግዶቹ የምታፈላውን ቡና የምትገዛው እንደ አዲስ አበባ ሰው በብር ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ወቅቱ ነው። የእሁድ ጉዞ የሚደምቀው መቼ ነው? መስከረምና ጥቅምት ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ፣ አደይ አበባ ፈንድቶ፣ ተራራው አረንጓዴ ሲለብስ ፎቶ ያምራል። ገበሬው ቤት ግን ያ ወቅት ጎተራ የሚራቆትበት ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። ስንዴውና ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ የሚገባው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። በመስከረም ብዙ ቤት ከጎረቤት ይበደራል፤ ከነጋዴ ዱቄት ይገዛል፤ የማዳበሪያ ዕዳውንም ይቆጥራል። የከተማው እንግዳ «ምድሩ እንዴት ጠግቧል!» ብሎ የሚደነቅበት ወር፣ አስተናጋጁ ለልጆቹ ቁርስ የሚቆጥብበት ወር ነው። እናትየው ይህን አትናገርም። ብትናገር ደግሞ ባለጌ የምትባለው እሷው ናት። ስለዚህ ማታ ዝም ብላ ከጎረቤት ዱቄት ትበደራለች።

የእሸቱም ነገር አለ። መንገደኛ ርቦት ከማሳ ዳር እሸት ቢቀጥፍ በአገሩ ደንብ ማንም አይቆጣውም፤ እሸት ለመንገደኛ አይከለከልም። ደንቡ የተሠራው ግን ስንቅ ላለቀበት አንድ መንገደኛ ነው። በላስቲክ ሳንዱችና ሙዝ ይዘው፣ ለመዝናናትና ለፎቶ የባቄላ እሸት እየነቀሉ ማሳውን ለሚያቋርጡ አርባ ሰዎች አልተሠራም። ገበሬው ከሩቅ ቆሞ ያያል። «ተዉ» ቢል «ለእሸት!» ይባላል።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው መከራከሪያ የታወቀ ነው፤ እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው፣ ገንዘብ ብንሰጣቸው ይቀየማሉ ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ከደጃፍ ቆሞ መቶ ብር አውጥቶ የሚዘረጋ እንግዳ አስተናጋጁን ያሳፍራል፤ መዋረድም ነው። እንግዲያው ባህሉ ራሱ ምን ይላል? የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዜር ነው» የሚባለው፣ ነገ አስተናጋጁም በእንግዳው አገር ሊመሽበት ስለሚችል ነው። ያ ልግስና ብድር አለበት። የዛሬ አስተናጋጅ የነገ እንግዳ ነው፤ ሁለቱም ያንኑ አፈር የሚያርሱ፣ ያንኑ ክረምት የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። እንግዳውም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ቡና፣ ስኳር፣ ጨው ወይም ሳሙና ይይዛል። መቆየትም ልክ አለው፤ እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት የሚለው ተረት የወጣው ከዚሁ ከእንግዳ ወዳዱ ሕዝብ አፍ ነው።

አሁን ብድሩ ይመለስ እንደሆነ ይታይ። ያች እናት አንድ ቅዳሜ እንቁላልና አይብ ይዛ ሾላ መጣች እንበል። ገበያው ቀዘቀዘ፣ መኪና አጣች፣ መሸባት። ባለፈው እሁድ እርጎ ያጠጣቻቸው ባልና ሚስት የሚኖሩበትን ኮንዶሚኒየም ፈልጋ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብትል ማን ይከፍትላታል? ጥበቃው ከግቢው በር ይመልሳታል። ብሎክና የቤት ቁጥር ይጠይቃታል፤ እሷ ደግሞ ስማቸውን እንኳ አታውቅም። አብረው ፎቶ ተነሱ እንጂ ስም አልተለዋወጡም። የምታድረው ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ፣ ከፍላ ነው።

እንግዲህ ከአንድ ወገን ብቻ የሚሄድ መስተንግዶ በአማርኛ ሌላ ስም አለው፤ ድርጎ ይባላል።

የዛሬው ወጣት ድርጎን በነፃ የሚታደል ቀለብ ወይም ጉርሻ አድርጎ ነው የሚያውቀው። የቀድሞው ድርጎ በንጉሥ ትእዛዝ ለመልእክተኛ፣ ለመንገደኛና ለቤተ መንግሥት እንግዳ የሚቀርብ ስንቅ ነበር። ትእዛዙ የንጉሡ ቢሆንም እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉና ቅቤው የሚወጣው ከባላገሩ ነው። ቦታውም ሩቅ አይደለም። የሾላን ገበያ ጥሎ በኮተቤ የሚወጣው የእሁዱ አውቶቡስ ወደ ፊት ቢቀጥል፣ በ130 ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃንን አልፎ አንኮበር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሜጀር ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ የቆየው በዚያ ነው። እሱም፣ በዚያው ዘመን ወደ ሸዋ የመጡ ሌሎች አውሮፓውያንም የድርጎን ነገር በመጽሐፎቻቸው ጽፈዋል። ስለ አገሩ ውበት፣ ስለ ሕዝቡ ጠባይ፣ ስለ ንጉሡ ልግስና ብዙ ገጽ ሞልተዋል። በጉ ከማን በረት እንደወጣ፣ የዚያ ቤት ልጆች በዚያ ሳምንት ምን እንደበሉ ግን የተጓዡ መጽሐፍ ጉዳይ አልነበረም። የንጉሡ ልግስና ተብሎ የተመሰገነው የባላገሩ በግ ነው።

የወታደሩ ደግሞ ይብስ ነበር። ጦር ሲያልፍ ወታደሩ በባላገር ቤት ይመራል፤ ተሰሪ ይባላል። የሚበላውን አዝዞ ይበላል፤ ከቤቱ ደህናውን መደብ ይዞ ይተኛል። አፄ ቴዎድሮስ ወታደሩን በደመወዝ አኑረው ከባላገሩ ጫንቃ ሊያወርዱት ሞክረዋል፤ አልሆነላቸውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራት የደነገጉት፣ ባላገሩ ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለጦሩ ስንቅ ሰጥቶ ወታደር ከቤቱ እንዲወጣለት ነው። አሥራቱ ተከፍሎም ብዙ ቦታ ወታደሩ አልወጣም። ገባርነት በሕግ የቀረው በ1967 ዓ.ም መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ነው። የዚህ አገር ገበሬ እንግዳን በግድ የማብላት ታሪኩ ገና የትናንት ነው። የእሁዱ ተጓዥ በትሕትና ነው የሚመጣው፣ ጠመንጃም አልያዘም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ በገበሬው ቤት መኪና ይዞ፣ የከተማ ልብስ ለብሶ፣ ካሜራ አንግቶ የሚመጣ ሰው ዛሬም የሚፈራ ሰው ነው። የመንግሥት ይሁን፣ የእርዳታ ድርጅት ይሁን፣ መሬት ሊለካ የመጣ ይሁን አይታወቅም፤ በተለይ አዲስ አበባ እየሰፋች መሬት እየበላች በምትመጣበት በዚያ አቅጣጫ። እናትየው «ግቡ» ያለችው ከደግነቷ ነው። ከደግነቷ ጋር ግን «እምቢ ብል ምን ይመጣብኝ ይሆን?» የሚለውም ተቀላቅሎ ይሆናል። ይህን ከፎቶው ላይ ማንበብ አይቻልም።

ሁለተኛው መከራከሪያ የአዘጋጆቹ ነው፤ እኛ እኮ ገጠሩን እያስተዋወቅን ነው ይላሉ። ለማን? አለልቱ አካባቢ ያለች መንደር መተዋወቋ ለመንደርተኛው የሚያመጣለት ሌላ አርባ ሰው የያዘ አውቶቡስ ነው። አንዳንዱ ቡድን ደብተርና እስክርቢቶ ይዞ ይሄዳል፤ ችግኝ የሚተክልም አለ፤ ይመስገን። ደብተር ግን የእርጎ ዋጋ አይደለም። ከረሜላ ማደሉ ደግሞ የለየለት ጥፋት ነው፤ በተደጋጋሚ የተጎበኘ መንደር ልጅ መኪና ባየ ቁጥር እየሮጠ እጁን የሚዘረጋው ልመና ከወላጁ ተምሮ አይደለም። ባህል ይበረዛል ብሎ ክፍያን የሚቃወም ሰው መጀመሪያ ያንን ልጅ ይይ።

የጉዞ ማስታወቂያዎቹን ማንበብ ብቻ ይበቃል። ክፍያው መጓጓዣን፣ ቁርስን፣ የታሸገ ውኃን፣ አስጎብኚንና ፎቶግራፍን ያካትታል። ከዚያም እንደ ትልቅ ስጦታ በገበሬ ቤት ቡና መጠጣት ይጨመርበታል። ባለ አውቶቡሱ ተከፍሎታል። ፎቶ አንሺው ተከፍሎታል። ውኃ አሻጊው ፋብሪካ ተከፍሎታል። አዘጋጁም ለድካሙ ወስዷል፤ ይገባዋልም። ሰዎቹን ከአልጋ አስነስቶ ያመጣቸው መንደር ግን ከተከፋዮቹ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ሦስተኛው መከራከሪያ የሚመጣው ከተጓዦቹ ልብ ነው፤ ከከተማ ጭንቀት ወጥተን ንጹሑን ሕይወት እናያለን ይባላል። ይህን የሚል ሰው ከጎጆው ውስጥ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ዓይኑን ሲያሻሽ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጭሱ አልቻለውም። እናትየው ግን ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ጭስ ውስጥ ጋግራለች፤ ዓይኗ የቀላው በእንግዳ ናፍቆት አይደለም። ንጹሕ ሕይወት የተባለው ውኃ በእንስራ የሚቀዳበት፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ወደ አስፋልት የምትወርድበት ሕይወት ነው። ስለዚህ ሕይወት ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ይቻላል፤ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ መሬት፣ ስለ መንገዱ ሰላም መጠየቅ ይቻላል። ጉብኝት ማለት ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ሰዓቱ አይበቃም፤ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው፤ የቡድን ፎቶ ይቀራል።

ለዚህ ዓይነት ዓይን ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከሾላ ገበያ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚያይ የእንጦጦ ጋራ እዚያው ነው። ከ2013 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ ጀምሮ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ከተሜው አየር ይቀበልበታል፣ ፈረስ ይጋልብበታል፣ ቡና ይጠጣበታል። መልካም ሥራ ነው፤ ከተማዋ ሳንባ ያስፈልጋታል። በዚያው ጋራ ላይ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ጎብጠው የሚወርዱ ሴቶች ግን ከፓርኩ በፊትም ነበሩ። ስንት ዓመት ሙሉ የእንጦጦ ፎቶ ያለ እነሱ አልሆነም። የፖስት ካርድ ጌጥ ሆነዋል፣ የውጭ አገር ጋዜጠኛ ሥዕል ሆነዋል፤ አሁን ደግሞ ከእሁድ ሯጭ ጀርባ የሚታዩ ጥላ ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን ፎቶ ሲነሱ ማን ፈቃድ ጠየቃቸው? ሸክሙን አውርዳ «ለምን ታነሳኛለህ?» ያለች ሴት «ክፉ» ትባላለች። ክፉ አይደለችም፤ ጀርባዋ ላይ የሚከበድ ነገር አለ።

ነገሩን አስተካክሎ መሥራት አይቻልም የሚል ካለ፣ እዚሁ አገር ውስጥ ተሠርቶ ታይቷል። በሰሜን ወሎ መቄት በ1990ዎቹ አጋማሽ «ተስፋ» በሚል መጠሪያ የተጀመረውን የማኅበረሰብ ቱሪዝም ማስታወስ ይበቃል። መንደርተኛው ራሱ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆዎች ሠራ። እንግዳ ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ ዕቃውን አህያ ይጭናል፣ መሪው የአካባቢው ልጅ ነው። እንግዳው ሲመጣ ተጠብቆ ነው፤ የሚበላው፣ የሚተኛበት፣ የሚከፍለው አስቀድሞ ታውቋል። ኮሚቴው የሚመረጠው ከመንደሩ ነው፤ ገቢውም ለመንደሩ ነው። ማንም አልተቀየመም። እንግዳው ከፍሎ ስለገባ የጠላው ጣዕም አልተበላሸም፤ አስተናጋጁም ከፍሎ የገባውን እንግዳ «በሞቴ ጨምር» ማለቱን አልተወም። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ጦርነትና ግጭት ያን አካባቢ ደጋግሞ ጎድቶታል፤ የእንግዳ መንገድም ተዘግቶ ከርሟል። ይህ የሆነው ግን አሠራሩ ከሽፎ አይደለም።

በደቡብ ጎንደር ያለችው አውራ አምባም አለች። በ1964 ዓ.ም የተመሠረተችው የዙምራ ኑሩ ማኅበረሰብ ለጎብኚ መግቢያ ያስከፍላል፣ የራሱ አስጎብኚ ይመድባል፣ ሽመናውን ይሸጣል፣ ማደሪያም አለው። አንዳንዱ ጎብኚ «ገንዘብ ይወዳሉ» ብሎ ሲያማቸው ይሰማል። ይወዳሉ፤ ሠርተው ያመጡትን ይወዳሉ። ወንጪ ሐይቅ ላይም ባለ ፈረሶቹና አስጎብኚዎቹ በማኅበር ተደራጅተው በተራ ሲሠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መረጣት፤ በቀጣዩ ዓመት የጮቄ ተራራ መንደር ተከተለች። ወንጪ ላይ ከዚያ ወዲህ መንገዱም ማረፊያውም ተለውጧል። ባለ ፈረሱ ከድሮው የተሻለ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሪባን ቆረጣው ይልቅ ሊከታተሉት የሚገባ ነው።

ወንጪ በተመረጠችበት ዓመት ከህንድ የተመረጠችው በቴላንጋና ግዛት ያለችው ፖቻምፓሊ ናት፤ ከሃይደራባድ ከተማ ብዙም አትርቅም። ህንድ እንግዳን እንደ አምላክ ቁጠር የሚለውን ጥንታዊ ብሂሏን የቱሪዝም ሚኒስቴሯ መፈክር አድርጋ ዓለም ላይ ያስተጋባች አገር ናት፤ የእኛን «የእግዜር እንግዳ» ይመስላል። በእርሻ መንደሮቿም እንደዚሁ በነፃ ሻይና ሩዝ እየተስተናገደ፣ ሕፃናትን ፎቶ እያነሳ የሚሄድ መንገደኛ ሞልቷል። ፖቻምፓሊ ግን የሸማኔዎች አገር ናት። እንግዳ ሲመጣ ክሩ ሲታሰር፣ ሲነከር፣ ሲሸመን ያያል፤ ከዚያ ሐሩንና ጥጡን ይገዛል። ጎብኚ ማለት ገዢ ነው። ያችው መንደር ሌላም ታሪክ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ቪኖባ ባቬ መሬት ለሌላቸው ሰዎች መሬት ሲለምን የመጀመሪያው የመሬት ስጦታ የተሰጠው እዚያ ነው። በጉጃራት ኩች የምትገኘው የሆድካ መንደር ደግሞ በጭቃ ቤቶች የተሠራውን የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድረው የራሷ ኮሚቴ ነው። እንግዳ እንደ አምላክ ነው ብለው ሲያበቁ ደረሰኝ ይቆርጣሉ። አምላክ የተባለው እንግዳም ይከፍላል፤ አልተቀየመም።

አዲስ አበባ ዙሪያ ይህን ለመጀመር የዓለም ድርጅትም ሆነ ሚኒስቴር መጠበቅ አያስፈልግም። እያንዳንዱ መንደር እድር አለው፤ ማኅበር አለው፤ የሚከበሩ ሽማግሌዎች አሉት። አዘጋጁ አውቶቡስ ከመከራየቱ በፊት አንድ ቀን ሄዶ ከእነሱ ጋር ይቀመጥ። ስንት ሰው ይመጣል፣ የትኞቹ ቤቶች ያስተናግዳሉ፣ በየትኛው መንገድ ይታለፋል፣ የትኛው ማሳ አይረገጥም፣ እርጎው በስንት፣ እንጀራው በስንት፤ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይነገር። ብሩ ከደጃፍ ላይ አይዘርጋ፤ በእድሩ ወይም በማኅበሩ በኩል ይድረስ። መንደሩ «በመስከረም አትምጡብን፣ በጥር ኑ» ካለ በጥር ይኬድ። አርባ ሰው ይበዛል ካለ አሥራ አምስት ይሂድ። ፎቶ አልነሳም ያለችም እናት አትነሳ። ዋጋው በዚህ ምክንያት ቢጨምርና አንዳንድ ተጓዥ ቢቀር ይቅር፤ ቡናውን በነፃ ካላገኘ የማይሄድ ሰው መጀመሪያውኑ ሊጎበኝ አልነበረም የሚሄደው።

እስከዚያው ድረስ ከአዘጋጆቹ የሚጠበቀው ትንሽ ነገር ነው። በየሳምንቱ በቴሌግራም የሚለጠፈው ማስታወቂያ የመጓጓዣውን፣ የቁርሱን፣ የውኃውንና የፎቶውን ዝርዝር ይዟል። ከሥሩ አንዲት መስመር ትጨመር፤ ከእያንዳንዱ ወንበር ክፍያ ላይ ለመንደሩ የሚደርሰው ስንት ብር ነው? በቁጥር ይጻፍ። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ ባልና ሚስቱ ቅዳሜ ሾላ ላይ ሲከራከሩ እንደሚያደርጉት፣ እሁድም ከመሳፈራቸው በፊት ዋጋውን አይተው ይወስኑ።